በሰው ሱሪ ከሐይቁ ዳር

መገናኛ ላይ ሱቅ ለሱቅ ተጣብቀን የምንውል ጎረቤቶቼ፣ «ሰሞኑን የት ጠፍተህ ነበር?» ላላችሁኝ ሁሉ አንድ በአንድ መመለስ ስለታከተኝ ይኸው ጽፌዋለሁ። እናንተ መቼም እኔ የነበርኩበት ቦታ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። ሱቅ ዘግቶ ተራራ መውጣት ለእኛ ቢጤ አይሆንም። እኔም በፈቃዴ አልሄድኩም፤ እህቴ ናት የወሰደችኝ።

እህቴ ሩቅያ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አፍንጫዬን መጥረግ የማልችል ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «እትዬ» እላታለሁ እንጂ ልቤ የሚያውቃት በእናትነት ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። እኔ ደግሞ አርባን አልፌ አላገባሁም። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን፤ እሷ ታበስላለች፣ እኔ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ሸጬ እገባለሁ። ጎረቤቶቻችን «እንዲህ ያለ ወጥ እየበላ ለማግባት ምን ያስቸኩለዋል!» ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። እትዬ ከሰፈር ሴቶች ጋር ችግኝ ልትተክል ከላምበረት በላይ ወደ የካ ተራራ ወጥታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ችግኜን ልየው» እያለች መውጣት አመጣች። ስልኳም መጮህ አበዛ። አንድ ቀን እጇ ሊጥ ስለነበር በድምፅ ማጉያ አነሳችው። ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ፣

«ሩቅያ ደህና ናት። ዛሬ ሁለት ቅጠል አወጣች» አለ።

«ማን ነው ይሄ?» አልኳት።

«የችግኙ ጠባቂ።»

«ሩቅያ ቅጠል አወጣች ማለት ምን ማለት ነው?»

«ችግኞቹን በተከላቸው ሰው ስም ነው የሚጠሯቸው። የኔዋ ኮሶ ናት» አለችና፣ ታሽቶ ያለቀውን ሊጥ እንደገና ማሸት ጀመረች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ሰውየው ጋሽ ጀማል ይባላሉ። ድሮ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞታባቸዋል፤ አሁን ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሐይቅ ዳር ሎጅ ከፍተዋል። ሊያገቧት ይፈልጋሉ። ለኒካሁ ደግሞ የሚድራት ወሊ ያስፈልጋል። አባታችን በሕይወት የለም፤ ያላት ወንድም እኔ ብቻ ነኝ።

«ና፣ ሁለት ሌሊት አድረን ሰውየውን እየው። ከዚያ የምትለውን ትላለህ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እናንተ ግን ጎረቤቶቼ ስለሆናችሁ እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሄድኩት እምቢ የምልበት ምክንያት ፍለጋ ነው።

ቅዳሜ

በጠዋት ተነሥተን ከአያት በባቡር መገናኛ ደረስን። ሱቄን ተዘግቶ ሳየው ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በታክሲ ላምበረት። ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣ ይዞ መቆም ምን እንደሚያስከትል የማታውቁ ካላችሁ ከእኔ ተማሩ። ከታክሲው ወርጄ ጀርባዬን ሳላቀና አንድ ተሸካሚ ሻንጣዬን ትከሻው ላይ አደረገው።

«ወዴት ነው ወንድሜ?»

«ወደ ላይ» አልኩት፣ ተራራውን በአገጬ እያሳየሁ።

ላምበረት ላይ «ወደ ላይ» ማለት ደሴ ማለት መሆኑን ማን ይነግረኛል? ውሃ ልገዛ ዞር ብዬ ስመለስ ሻንጣዬ የደሴ አውቶቡስ አናት ላይ ታስሮ፣ አውቶቡሱም አስፋልቱን ይዞ ጭራውን እያሳየኝ ነበር። ጮህኩ። ሮጥኩ። የሌሎቹ አውቶቡሶች ረዳቶች ደግሞ መኪና ያመለጠው መንገደኛ መስዬያቸው «አይዞህ፣ ሌላ አለ! ደሴ! ኮምቦልቻ!» እያሉ እጄን ይጎትቱ ጀመር። እትዬ የራሷን ቦርሳ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ከዳር ቆማ ታየኛለች።

ተሸካሚው ግን ጨዋ ሰው ነበር። ደነገጠ፤ ወዲያው ለአውቶቡሱ ረዳት ደወለ። ረዳቱም ቁርጡን ነገረን፦ ሻንጣው ከሁሉም ሥር ነው የታሰረው፤ እሱን ለማውረድ የመንገደኛው ዕቃ ሁሉ መፈታት አለበት፤ ስለዚህ ደሴ ደርሶ በመልሱ ይመጣል።

«በአላህ አደራ ነው» አልኩት።

«አታስብ፣ እንደ ቤተሰብ ነው የማየው» አለኝ።

በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅ ወጣን። ከዚያ በእግር። የኔ እግር ደግሞ የለመደው ከባንኮኒ ጀርባ እስከ መደርደሪያ ነው። አራተኛ ፎቅ በየቀኑ እየወጣሁ ዳገት የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ግን መያዣ ብረት አለው፣ የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ቦታም አለው። ይሄ ዳገት እፎይ የሚያሰኝ ነገር የለውም። እትዬ ከፊቴ እንደ ፍየል ትወጣለች። ቤት ውስጥ ጉልበቴን የምትለዋ ሴትዮ!

«እትዬ፣ ጉልበትሽስ?»

«እዚህ አያመኝም» አለች ሳትዞር።

አንድ ጽሑፍ ያለበት የተፈለጠ እንጨት የተቸነከረበት በር ደረስን። ወደ ውስጥ ፕላስቲክ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። እንግዲህ እኔ የፕላስቲክ ነጋዴ ነኝ። እጄ ላይ የውሃ ጠርሙስ፣ ኪሴ ውስጥ ለጋሽ ጀማል በስጦታ ያመጣሁት የስልክ ሽፋን፣ እግሬ ላይ የፕላስቲክ ሶል። በሩን የከፈተችልን ወይዘሮ አበበች የምትባል የሎጁ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ እዚያው ተራራ ላይ ተወልዳ ያደገች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። ጠርሙሱን ተቀበለችኝና ጫማዬን አይታ፣ «በባዶ እግርህ አላስገባህም፤ እሱን አድርገህ እለፍ» አለችኝ።

«ሐይቁ የት ነው?» አልኳት።

«ይኸው!»

አየሁ። አንድ ጎኑ የተቆረጠ ገደል፣ በሌላው ጎኑ ቄጠማ የከበበው ውሃ። ድሮ የግንባታ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነበር። ካባው ሲዘጋ ጉድጓዱ ምንጭና ዝናብ ጠጥቶ ሞላ። ለእኔ ኩሬ ነው። እትዬ ግን «ሐይቅ» ስትል ከንፈሯ እንኳን አይንቀጠቀጥም።

ደክሞኛል። ፊት ለፊቴ ለምለም፣ ለስላሳ የመሰለ ቅጠል አየሁና ቁጭ አልኩበት። ሳማ ነበር። ስለ ሳማ ሰምታችሁ ይሆናል፤ በሰው ሱሪ ውስጥ አልፎ እንደሚለበልብ ግን አልሰማችሁም። «ያ አላህ!» ብዬ ወደ ኋላ ስፈናጠር የቀጋ ቁጥቋጦ ያዘኝ። ቀጋ ነጭ አበባው ያምራል፤ እሾሁ ግን የያዘውን አይለቅም። ሱሪዬ ከዚህ እስከዚያ ተተረተረ። ያለኝ ቅያሪ ደግሞ ወደ ደሴ እየተጓዘ ነው።

ጋሽ ጀማልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘኋቸው በዚህ ሁኔታ ነው። ኮስተር ብዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ላነጋግራቸው ያሰብኩት ሰው ሲመጡ እኔ መቀመጫዬን በሁለት እጄ ሸፍኜ እዘልላለሁ። ረጅም፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ጺማቸው በሒና ቀልቷል። አልሳቁም። ከሳማው አጠገብ ሰፊ የቱልት ቅጠል ቀነጠሱና ሰጡኝ።

«እሸው። ዞር እንላለን» አሉ። ደግሞ መለስ ብለው፣ «እንኳን ደህና መጣህ ከማል።»

ሱሪያቸውን አዋሱኝ። ሁለት እኔ ይገባበታል። በገመድ አስሬ፣ እግሩን ሦስት ጊዜ አጥፌ ለበስኩት። ልመረምረው የመጣሁትን ሰው ሱሪ ለብሼ ነው እንግዲህ ምርመራዬን የጀመርኩት።

ያረፍንባቸው ጎጆዎች ከጭቃና ከቀርከሃ የተሠሩ፣ ሣር ክዳን ናቸው። እትዬና ወይዘሮ አበበች አንዱን ያዙ፣ እኔ ብቻዬን ሌላውን። አንሶላው በእንዶድ ነው የሚታጠበው፤ ሽታው የኦሞ ሳይሆን የዝናብ ነው። መብራቱ ከፀሐይ በሚሞላ ባትሪ ስለሆነ ለስልክ አይተርፍም ተባልኩ። የቻርጀር ነጋዴ፣ ስልኩ ሞቶ ሲቀመጥ አስቡት! ሽንት ቤቱ ደግሞ ውሃ የለውም። ሲጨርሱ ከባልዲ አመድና ሰጋቱራ ይጨምሩበታል፤ ቆይቶ ለችግኝ ማዳበሪያ ይሆናል። የኛ ኮንዶሚኒየምም ብዙ ጊዜ ውሃ የለውም። ልዩነቱ የኛው ምንም አለማብቀሉ ነው።

ራት ጎመንና ድንች ነበር። ሥጋ የለም። የወይዘሮ አበበች ወገኖች ያረዱትን እኛ አንበላም፣ ጋሽ ጀማል ያረዱትን እሷ አትበላም፤ ስለዚህ ሎጁ ሁለቱንም ሃይማኖት የሚያስማማውን ጎመን መርጧል። ቀምሼ ለእምቢታዬ የሚሆን እንከን ፈለግኩ። አጣሁ። ሦስት ጊዜ ጨመርኩ።

እሑድ

ከፈጅር ሶላት በኋላ ጋሽ ጀማል ተክሎቻቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። እትዬም «ማየት እወዳለሁ» ብላ ተከተለች፤ ስንት ጊዜ እንዳየችው አላህ ይወቅ።

ካባው እንደተዘጋ በዙሪያው የነበረው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር አሉ። ገበሬው የሚተዳደርበት ስለሆነ ሁሉንም መንቀል አልፈለጉም፤ ውሃው ዳር ያለውን ብቻ እየቀነሱ የአገሩን ዛፍ ይተካሉ። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ የቆመ ጅባራ። እኛ ቤት ያለው አበባ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ያለው የፕላስቲክ ጽጌረዳ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አቧራ ከጠረጉለት ዓመት ይቆያል፤ በዚህ በኩል አሁንም የኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ጊዜ የተማሩ እንግዶች መጥተው የየዛፉን ስም በእንጨት ላይ ጽፈው በገመድ አንጠልጥለው ነበር። ፍየል ገመዱን በላው፣ እንጨቱ ረገፈ። መልሰው ሲያንጠለጥሉት ተቀያየረ። አሁን ጋሽ ጀማል አንዱን «ይሄ አባሎ ነው» ሲሉ ወይዘሮ አበበች ከማድ ቤት ደጃፍ ሆና «አይደለም!» ትላለች። እሳቸውም በድምፅ ብልጫ ያልፋሉ። በዚህ ምክንያት በተከለው ሰው ስም መጥራት ይቀላቸዋል።

«ይሄ የእድሩ ሊቀ መንበር ነው። ደርቆ ነበር፣ አሁን ተርፏል። ያቺ ጠማማዋ የባንክ ሠራተኛ ናት። ይሄን ደግሞ ሁለት ጊዜ በግ በላው፤ መምህር ነው።»

በቅርጫት የታጠረች አንዲት አጭር ችግኝ ጋ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እቺ ሩቅያ ናት» አሉ። ሁለቱም ቆመው አዩዋት። እኔም አየኋት። እስከ ጉልበቴ ትሆናለች። ለዚህ ነው እንግዲህ በየሳምንቱ ከአያት እዚህ ድረስ የሚመጣው ብዬ፣ ሰውየውን እህቴ በማትሰማበት ቦታ ለብቻቸው መያዝ እንዳለብኝ ወሰንኩ።

«ጋሽ ጀማል፣ ውሃው ላይ ወጣ እንበል?» አልኳቸው።

ሎጁ አንዲት ታንኳ አለችው፤ ከቀርከሃ የተጠፈረች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ። ዋና አልችልም። ነገር ግን ወንድ ለወንድ መነጋገሪያ ሌላ ቦታ አልታየኝም። ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳልን ጀመርኩ።

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቁጣስ አለብዎት?»

«መሪ ስይዝ ነበረብኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን በማን ልቆጣ? በወይራ?»

«እህቴ የከተማ ሴት ናት» አልኩ። «ባቡርና ሱፐርማርኬት የለመደች ናት። አመድ የሚበተንበት ሽንት ቤት እንዴት ትችለዋለች?»

«አመዱ ብቻውን ይሸታል፣ ሰጋቱራ ጨምሩበት ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አሉ ጋሽ ጀማል በትሕትና።

ደሜ ፈላ። ስንት ነገር ነው እኔ ሳላውቅ የሆነው? «እንግዲያው ቁርጡን ልንገርዎ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ታንኳ ላይ ብድግ አይባልም። ይህን ምክር ብቻ ከጽሑፌ ብትይዙ ይበቃችኋል። ሰማዩን አየሁ፣ ገደሉን አየሁ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በአፌም በአፍንጫዬም ገባ። ያ ሰፊ ሱሪ ውሃ ሞልቶ እንደ ፊኛ ተነፋ። ሟች የሚለውን ሸሃዳ ጮክ ብዬ ማለት ጀመርኩ። በእጄም በእግሬም ውሃውን እየደበደብኩ ሳለ ከአጠገቤ ረጋ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«ከማል። ቁም።»

«እየሰጠምኩ ነው!»

«ዝም ብለህ ቁም።»

ቆምኩ። ውሃው ወገቤ ድረስ ነው። ጥልቁ ከገደሉ ሥር ነው፤ እኛ ገና ከቄጠማው አልራቅንም ነበር። ጋሽ ጀማልም ጺማቸው ውሃ እያንጠባጠበ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ቀዩ ሒና ሸሚዛቸው ላይ ወርዷል። አሁንም አልሳቁም።

«ቁርጡን ልትነግረኝ ነበር» አሉ።

«ወሊዋ እኔ ነኝ» አልኩ እየተንቀጠቀጥኩ። «እሺ ካላልኩ ምን ያደርጋሉ?»

«አንተ እሺ እንዳትል አልፈራሁም። እሳቸው ናቸው እሺ ያላሉት። ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው።»

«ምን አለችዎት?»

ጋሽ ጀማል ጺማቸውን ጨመቁ። ከዚያ፣ «ከማል ሽንኩርት መክተፍ አይችልም አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሦስቱንም ጊዜ እሱኑ ነው ያሉኝ።»

ምሳ የቀረበው ሳማ ነበር፤ ተቀቅሎ፣ ታሽቶ፣ በነጭ ሽንኩርት። ይኼኛው የሳማ ዘር በአገራችን ብቻ ነው የሚበቅለው አለችኝ ወይዘሮ አበበች፣ በኩራት። «ትናንት ተቀመጠብህ፣ ዛሬ ብላው» ብላም ትሪውን አስጠጋችልኝ። የተቀመጥኩበት እኔ መሆኔን ላስረዳት ሞከርኩ። ይጥማል፤ ግን አልበላ አለኝ። ሌላ ሱሪ ሰጥተውኛል፤ ይኼኛውም የጋሽ ጀማል ነው።

ከምሳ በኋላ እትዬን አምጃው ሥር አገኘኋት።

«ሽንኩርት መክተፍ አይችልም ብለሻል?»

«ዋሸሁ?»

«ለሰው ይነገራል እንዴ?»

እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ «ከማልዬ» አለችኝ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። «እዚህ ያመጣሁህ አንተ ጋሽ ጀማልን እንድታያቸው ብቻ አይደለም። እኔም አንተን ልይህ ብዬ ነው። ከቤት ስትወጣ እንዴት እንደምትሆን ልይ ብዬ።»

«ታዲያ ምን አየሽ?»

«ሻንጣህን ደሴ ላክ። ሳማ ላይ ተቀመጥክ። ታንኳ ላይ ቆምክ።» ዓይኗ ሳቅ ነበረበት፤ ድምጿ ግን አልነበረበትም። «እንዲህ የሚሆን ወንድም ብቻውን ትቼ አልሄድም። ለጋሽ ጀማል ነገ እነግራቸዋለሁ። ነገሩ ይቅር።»

ያ ነበር የመጣሁበት። እምቢ ማለት እንኳን ሳያስፈልገኝ፣ እኔው ደህና ሰው ሆኜ፣ እህቴ ወደ አራተኛ ፎቋ ልትመለስልኝ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

ወደ ማምሻው ላይ ከጎጆዬ ደጃፍ ሆኜ አየኋቸው። እሷ በቅል ውሃ ትቀዳለች፣ እሳቸው የችግኙን ዙሪያ ይኮተኩታሉ። አይነጋገሩም። እትዬ ታንጎራጉራለች። እኔ እዚህ ዕድሜ እስክደርስ እህቴ ስትቆጣ፣ ስትመርቅ፣ ስትስቅ፣ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ስታንጎራጉር ግን አልሰማኋትም ነበር። ድምጿ ያምራል።

ሰኞ

ጠዋት ማድ ቤት ገባሁና ወይዘሮ አበበችን፣ «ዛሬ ቁርስ እኔ ነኝ የምሠራው» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። ብቻዬን ተዪኝ።»

ሽንኩርት ጀመርኩ። እንዴት ያስለቅሳል እናንተ! ሴቶቹ በየቀኑ እንዲህ እያለቀሱ ነው እንዴ የሚያበሉን? በቁርጥራጭና በጉማጅ መካከል የሆነ ነገር ወጣው። ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ ላይ አቁላላሁት፤ ከዚያ ሽሮ ነው ብዬ ከመደርደሪያው ካገኘሁት የሸክላ ዕቃ ዱቄት ጨመርኩ። አማሰልኩ። ወጡ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ጥሩ ምልክት መስሎኝ ይበልጥ አማሰልኩ። አረፋው ድስቱን ሞልቶ ወደ ምድጃው ሲፈስ ወይዘሮ አበበች ደጃፍ ላይ ደርሳ ጮኸች።

«እንዶዱን! እንዶዱን አበሰለው! ልብስ ማጠቢያ እኮ ነው፣ ሰው ይገድላል!»

ድስቱን ነጥቃ ደጅ አወጣችው። ጋሽ ጀማልና እትዬ ሮጠው መጡ። እኔ ጭልፋ ይዤ፣ በሰው ሱሪ፣ ዓይኔ በሽንኩርት ቀልቶ፣ አረፋ ውስጥ ቆሜያለሁ። እትዬ አፏን በሻሿ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም።

«ውጡልኝ» አልኩ። «ሁላችሁም ውጡልኝ። አልጨረስኩም።»

ወጡ። እኔም ተነፈስኩና ዙሪያዬን አየሁ። ድንች አለ። ውሃ አለ። ጨው፣ በምላሴ ቀምሼ ያረጋገጥኩት ጨው አለ። ድንቹን አጥቤ ቀቀልኩት። ቆሜ ጠበቅኩት፤ በቢላ ጫፍ እየወጋሁ አየሁት፤ ሲበስል አውጥቼ፣ እየተቃጠልኩ ላጥኩት። ጨው ነሰነስኩ፤ ከጓሮ የተቀነጠሰ ቃርያ አደረግኩበትና ይዤ ወጣሁ።

ውሃው ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ጀማል አንዱን አንሥተው «ቢስሚላህ» ብለው በሉ፤ ሁለተኛም አነሡ። ወይዘሮ አበበች አንዱን አሽትታ ካረጋገጠች በኋላ በላች። እትዬ ግን የድንቹን ግማሽ አፏ ውስጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ውሃው ላይ ተክላ፣ ለረጅም ጊዜ አላመጠች። ለሚኒስትሪ ፈተና ውጤት እንኳን እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም።

ዋጠችው።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«እጨምራለሁ።»

«ቀድሞ ውሃው ውስጥ ነው የሚጨመረው።»

«እሺ።»

«ድንች ከቻልክ አትሞትም» አለች፤ ይሄን ጊዜ በእርግጥ እያለቀሰች ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ጀማል ዞርኩ። ከመገናኛ እስከዚህ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ፣

«ጋሽ ጀማል፣ ሱሪዎን አጥቤ እመልሳለሁ። እህቴን ደግሞ እንደገና ይጠይቋት» አልኳቸው።

ያኔ ነው በሦስቱ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ሳቃቸውን ግን ገደሉ አስተጋባው። ጠየቋት። አራተኛው መሆኑ ነው። እትዬ ሻሿን አስተካክላ፣ «እሱ ወሊዬ ነው፣ እሱን ጠይቁት» አለች፣ ሦስት ወር ሙሉ እኔን ሰበብ አድርጋ ያቆየቻቸው ሴት።

ዳገቱን ስንወርድ ወይዘሮ አበበች በአደራ የያዘችውን የውሃ ጠርሙሴን መለሰችልኝ፤ ያመጣሁትን የስልክ ሽፋን ግን ጋሽ ጀማል አልመለሱብኝም። ስልካቸው የድሮ ባለቁልፍ ስለሆነ አይገጥመውም፤ ቢሆንም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ላምበረት ስንደርስ ረዳቱ በቃሉ ተገኝቷል። ሻንጣዬ ደሴ አድሮ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ገመዱ በሌላ ገመድ ተጠናክሮ መጥቷል። ልጁ ውለታውን ሊያነሣ አልፈለገም፤ ሻንጣውን መታ መታ እያደረገ፣ «ጸባዩ ጥሩ ነው» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ቀን በቀን ማድ ቤት አቁማ አስተማረችኝ። ሽሮ ቻልኩ። ምስር ቻልኩ። ዶሮ ወጥ ላይ ተጣላን፤ እሱን ተውነው።

ኒካሁ የታሰረው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። አዎ፣ ሐይቅ ነው፤ እህቴ የምትኖርበትን ቦታ ኩሬ የሚልብኝ ካለ ሱቄ ድረስ ይምጣ። ሰፈርተኛው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኑ። በዚህ ቀን ሥጋ ነበረ፤ ሽታው ከወዲያ ይመጣል። ሼኹ እጄን ከጋሽ ጀማል እጅ ጋር አጋጥመው፣ «ከማል፣ ‹እህቴን ድሬልሃለሁ› በል» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም። ጋሽ ጀማል እጄን አልጨመቁም፤ ዝም ብለው ያዙት። ሼኹ ደገሙልኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አሁንም አልወጣም። ሰዉ መተያየት ጀመረ። ሼኹ ለሦስተኛ ጊዜ ሊናገሩ ሲሉ ከመጋረጃው ጀርባ ዕድሜ ልኬን የማውቀው ድምፅ መጣ፦

«ከማል፣ በል እንጂ፤ ሰዉ እኮ ርቦታል!»

ምንጣፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በሳቁ መካከል አልኩት።